የአንዷለም ናሙና

እኛ ደብረ ብርሃን፣ በተለይ ሱቆቻችን ባሉበት መስመር፣ ላይ ላዩን የተስማማ ነገር ውስጥ ውስጡን አልዋሃድ ሲል የሚነገር አንድ አባባል አለ። አዲስ አለቃ መጥቶ ሠራተኛው ፊት ሲነሳው ይባላል። ከአንድ መኪና ተፈትቶ ሌላው ላይ የታሰረ ዕቃ አልሠራም ሲልም ይባላል። ከቅድመ አያት የወረደ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። አባባሉ ሲወለድ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር። የሙሽራዋን የመልስ ቀሚስ የሰፋሁትም እኔ ነኝ።

ከልብስ ስፌት ቤቴ ቀጥሎ አንዷለም የሚባል ቪዲዮ አንሺ አለ። ሰርግ ይቀርጻል፤ የቀረጸውን ደግሞ ወርክስቴሽን በሚለው ትልቅ ኮምፒውተሩ ቆራርጦ፣ ቀጣጥሎ፣ ዘፈን አልብሶ ያስረክባል። የእኔ ሥራ መቀስና መርፌ ቢሆንም የሰው ሥራ ማየት እወዳለሁ። ያልገባኝን ነገር ካልጠየቅኩ ምግብ አይወርድልኝም። አንዷለም አመሌን ስለሚያውቅ ገና በሩን ስረግጥ «እትዬ ሸዋዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ?» ይለኛል።

አባባሉ በተወለደበት ዓመት፣ ጥር ላይ የጋሽ ደምሰው ልጅ ሕሊና ልትዳር ነበር። ጋሽ ደምሰው ዳሱን እኔው ካልጣልኩ ብለው ሲንጠላጠሉ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኙ። ዘመድ አዝማድ ሰርጉ ይራዘም ቢል ተቆጡ። «በተቆረጠ ቀን አትጫወቱ! ልጄን በእኔ ዳሌ አታስቀሩብኝ» አሉ። ግን አንዷለምን አልጋቸው ድረስ አስጠርተው እጁን ያዙት።

«ያለችኝ አንድ ልጅ ናት» አሉት። «ከቤቴ ስትወጣ አላያትም። ለመልሱ ግን እንደምንም ብዬ ቤቴ እገባለሁ። መጥታ ጉልበቴን ስትስም፣ ሰርጓን አይቼ ልመርቃት።»

«አይዞዎት ጋሼ፣ ለመልሱ ይደርሳል» አለ አንዷለም።

ሰርጉ እሑድ፣ መልሱ ሐሙስ ነው። አንዷለም እሑድ ዕለት በአዲስ ካሜራ ሲቀርጽ ዋለ። በማግስቱ ሥራ ሊጀምር ሲል ኮምፒውተሩ ደነዘዘ። የአዲሱ ካሜራ ምስል ከብዶት ትንሽ ይራመድና ቀጥ ይላል። በዚህ አያያዙ ለመልስ ቀርቶ ለፋሲካም አይደርስ። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ በጠንካራ ሊቀይረው ቆረጠ።

እንግዲህ እኛ ዕቃ ልንገዛ ስንወጣ ናሙና ይዘን ነው። የሸሚዝ ቁልፍ የሚፈልግ ሌላውን ቁልፍ ቆርጦ ይመጣል። ብሎን የሚገዛ የተበላውን ብሎን ኪሱ ከቶ ይሄዳል። እኔ ራሴ ደንበኞቼን «ናሙና አምጡ» እያልኩ ነው የኖርኩት። አንዷለምም ፕሮሰሰሩን ነቅሎ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አስተኛውና አዲስ አበባ ወረደ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ሻጩ ጠይቆት ነበር። «ማዘርቦርድህ የቱ ነው? ቺፕሴቱስ?» ብሎታል፤ ማዘርቦርድ የሚሉት ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ሰሌዳ ነው።

«ናሙናው ይኸው እጄ ላይ አይደል እንዴ!» አለና አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀመጠው። ስፋታቸው አንድ። ጠርዛቸው ላይ ያለችው ጎድጓዳ እንኳ አንድ። ሻጩም ከዚህ በላይ ምን አስጨነቀኝ ብሎ ጥያቄውን ተወ። ይባስ ብሎ አንዷለም አሮጌውን እዚያው ሰጥቶ፣ ጥቂት ጨምሮበት፣ አዲሱን ይዞ ተመለሰ።

ሲገጥመው አጠገቡ ነበርኩ። ፕሮሰሰሩ ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ።

«አየሽ እትዬ ሸዋዬ? አንቺ ራስሽ ለክተሽ የሰፋሽው ነው የሚመስለው!»

ከዚያ ማሽኑን አበራው። ማራገቢያው ተሽከረከረ፤ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ቀረ። ማዘርቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ በራች። አጠፋው፣ አበራው። ነቅሎ እንደገና አስገባው። ያው ነው።

«ገባ አላልከኝም?» አልኩት።

«ገብቷል እኮ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃል?»

ስልኩን አውጥቶ የማዘርቦርዱን አምራች ድረ ገጽ ከፈተና ማንበብ ጀመረ። እያነበበ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁና አላስችል አለኝ። «ምን ይላል?» አልኩ።

«የዚህ ማዘርቦርድ ቺፕሴት የሚቀበለው የድሮውን ትውልድ ብቻ ነው ይላል። እኔ ያመጣሁት ቀጥሎ የወጣውን ነው።»

«መግቢያው አንድ አይደለም እንዴ?»

«መግቢያውማ አንድ ነው። ግን ፕሮሰሰሩን ከሌላው አካል ጋር የሚያገናኘው ቺፕሴቱ ነው። እሱ ካላወቀው ማሽኑ አይነሳም።»

«ይህ ነገር የተጻፈው አሁን ነው?»

«ድሮም እዚህ ነበር» አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ለመጀመሪያ ጊዜ በመጠየቄ ተጸጸትኩ።

ሻጩ ጋ ቢደውል አሮጌው ለሌላ ሰው ሄዷል። የከተማው ቪዲዮ ቤቶች ደግሞ በጥር የራሳቸው ሰርግ ተቆልሎባቸዋል፤ ማን ማሽኑን ያውሰው? ሐሙስ ደረሰ። አንዷለም ካሜራውን ብቻ አንግቶ፣ እኔን አስከትሎ፣ ከእንግዳው ቀድሞ ጋሽ ደምሰው ቤት ገባ። እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዷለም አንገቱን ደፍቶ ከናሙናው እስከ ቺፕሴቱ ሁሉንም ነገራቸው።

«እሺ፣ ሰርጉ ጠፋ?» አሉት።

«ሰርጉስ ካሜራው ውስጥ አለ። ግን አልተቆረጠም፣ አልተስተካከለም፣ ዘፈን የለው። እንዲህ እንዳለ ለሰው አይታይም።»

«ለሰው ነው ማን አለህ? ለእኔ ነው። ክፈተው!»

ካሜራውን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘው። ሙሽሮቹም መጡ። ሕሊና ጉልበት ልትስም ስትንበረከክ «የደህናውን እግር ሳሚ፣ ያኛውን እንዳትነኪብኝ» አሏትና ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ሁላችንም ማየት ጀመርን። ሕሊና በቴሌቪዥኑ ውስጥ ከቤት ልትወጣ ስትል ከሚዜዎቿ ተነጥላ ወደ ኋላ ተመለሰች። አባቷ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ወንበር ባዶውን ነበር። ጎንበስ ብላ መደገፊያውን ሳመችው፤ እጇን እዚያው አሳርፋ ረጅም ጊዜ ቆመች። ዘፈን የለ፣ እልልታ የለ። አንዷለም ጆሮዬ ላይ «ይህን ቆርጬ ልጥለው ነበር፤ ይረዝማል ብዬ» አለኝ። ጋሽ ደምሰው አለቀሱ፤ ሳይደብቁ ነው ያለቀሱት። ልጃቸውን አቅፈው መረቋት፤ እኔም በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ካሜራው ወደ ዳሱ ሲገባ ግን ጋሽ ደምሰው ድንገት ቀና አሉ። ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ መሐል፣ ግራጫ ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰው ደልደል ብሎ ተቀምጧል። ሥጋው እየተመረጠ ይቀርብለታል።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ታናሽ ወንድማቸው ወርቅነህ ደነገጠ። በሰርጉ ዕለት በእሳቸው ቦታ እንግዳ ሲቀበል የዋለው እሱ ነው። «ያንተ ወዳጅ ነዋ! የደምሰው የልብ ጓደኛ ነኝ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ!»

«የኔ? በዓይኔም አይቼው አላውቅ!»

«ኧረ ጋሼ! ሱፉን አየሁ፣ ቁመናውን አየሁ፣ ከፊት አስቀመጥኩት። ወንበሩም እኮ ለእሱ የተሠራ ይመስል ነበር!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደምሰው ዳሌያቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ሳቁ። አንዷለም ብቻ ጥግ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር። ወደ እሱ ዞሩና በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«በል ቀና በል ልጄ፣ የተታለልከው አንተ ብቻ አይደለህም። ያንተም ፕሮሰሰር፣ የኔም ወዳጅ ነገራቸው አንድ ነው፦ ወንበሩስ በቃው፣ ባለቤቱ አላወቀው።»