የማን ጭብጥ?

አንድ በቆላ አገር የሚኖር መድኃኒት አዋቂ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር የማያወጣ፣ የንዳድ መድኃኒቱንም ለማንም የማይናገር ሰው ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሕመምተኛ ሲያክም ኖሮ ሊሞት ሲል አንድ ልጁን ውዳላትን ጠራትና በጆሮዋ፣ «ያን የምታውቂውን ሥር አድርቀሽ ውቀጪ። አንድ ጭብጥ ዱቄት በአንድ ዋንጫ ውሃ አፍልተሽ በባዶ ሆድ አጠጪ» አላት። ሌላ ቃል ሳይጨምር አረፈ።

ዝናቡ ሲያቆም ንዳድ እንደ ልማዱ መጣ። ውዳላት የተባለችውን ምንም ሳታጓድል አዘጋጅታ ሦስት ሰው አጠጣች። የሦስቱም ትኩሳት ለቀቀ፤ ነገር ግን ጆሯቸው ጮኸ፣ ዓይናቸው ጨለመ። አንደኛው፣ ሸማኔው፣ ሁለት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኝቶ በስንት መከራ ነቃ። አገሩ ተነሣባት። አገረ ገዥው አደባባይ አስቀርቦ፣ «ዱቄቱ ወንዝ ይጣል፤ አንቺም ከአገሬ ትወጫለሽ» ሲል ፈረደ።

ውዳላት አላለቀሰችም። «ጌታዬ፣ ሥሩ ያው ሥር ነው፤ ቃሉም የአባቴ ቃል ነው። የት እንደተሳሳትኩ ሳላውቅ ብሄድ መድኃኒቱ ይጠፋል፤ ንዳዱ ግን እዚሁ ይቀራል» አለች።

ከተሰበሰበው ሕዝብ መሐል ነጋድራስ ቢሻው ተነሡ። በአንድ አህያ ጨው ጀምረው የሁለት መቶ አጋሰስ ጌታ የሆኑ፣ ያዩትን ሁሉ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ የማን ጭብጥ ነው?» አሏት።

ሰው ሳቀ። «ጭብጥ ጭብጥ ነው እንጂ! ነጋድራስ ደግሞ ይህንንም ሊቆጥሩት ነው?» አለ አንዱ።

«ሳቅ፣ ሳቅ። እኔ ግን በጭብጥ ከሚሰፍር ሰው በርበሬ ስገዛ መጀመሪያ የማየው በርበሬውን ሳይሆን እጁን ነው» አሉ ነጋድራስ።

ውዳላት ቀኝ እጇን ዘርግታ አየችው። አምስት ጣት ያለው፣ ሰፊ እጅ ነው። ከአባቷ ቀኝ እጅ ግን በወጣትነቱ የጅብ ወጥመድ ሁለት ጣት ቆርጦበታል። በጋቢ ሸፍኖት ስለኖረ አገሩ አያውቅም፤ እሷ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምራ ስላየችው ልብ ማለቱን ትታ ነበር።

ነጋድራስ የወርቅ ሚዛናቸውን አስመጡ። የእሷ ጭብጥ በአንድ ወገን፣ ሽምብራ በሌላው ወገን ተደረገ፤ መቶ አራት ሽምብራ መዘነ። ሁለት ጣቷን አጥፋ በድጋሚ ብትዘግን ስድሳ አንድ ብቻ ሆነ።

ገዥው ደስ አለው። «በይ እንግዲህ፣ ስድሳ አንድ እየመዘንሽ ለሁሉም ስጪ!»

«አይሆንም፣ ጌታዬ። አሁን ያገኘሁት የአባቴን እጅ ነው። ትክክለኛውን ልክ ገና አላገኘሁም። እሱም ቢሆን ያዳናቸውን እንጂ በራሳቸው የዳኑትን ቆጥሮ አያውቅም።»

ነጋድራስ በአደባባይ ሲስቁ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ገዥው ፍርዱን አቆይቶ ጊዜ ሰጣት። እሷም መጀመሪያ ፍየል አጠጣች፤ ፍየሏ በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ቅጠል ቀነጠሰች። ከዚያ ራሷ የሠላሳ ሽምብራ ያህል ጠጣች፤ ሦስት ቀን ቆይታ ስድሳ አንዱን ደገመች። ጆሮዋ ግማሽ ቀን ጮኸና ተወ። ቀጥሎ ፈቃደኛ የሆኑ ዐሥር ሕመምተኞች ጠጡ፤ ከዐሥሩ አንድም አልወደቀም። ለሕፃናት ግን ለመስጠት አልደፈረችም።

የቀረው ዱቄት ለሃያ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር፤ የታመሙት ደግሞ አርባ ናቸው። በዚያው ሰሞን የገዥው እናት በንዳድ ወደቁ።

«መጀመሪያ ለእናቴ!» አለ ገዥው።

አሮጊቷ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «አፍህን ዝጋ። ሰባ ዓመት ሁሉን ቀድሜ ስበላ ኖሬያለሁ፤ አሁን እንደ ሰው ዕጣ ላውጣ።»

አርባው ዕጣ አወጡ። ሃያው መድኃኒቱን፣ ሃያው መልኩና ምሬቱ እሱን የመሰለ የቅጠል ውሃ ጠጡ። ምግባቸውም መኝታቸውም አንድ ዓይነት ሆነ። ማን የቱን እንደጠጣ የሚያውቁት ነጋድራስ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በገመድ ቋጠሮ መዝግበው ሳጥን ውስጥ ቆለፉት። «ለእኔም እንዳይነግሩኝ» አለቻቸው ውዳላት፤ «ካወቅሁ ዓይኔ ይናገርብኛል።»

በስድስተኛው ቀን የገዥው እናት በእግራቸው ተራምደው አደባባይ ወጡ። ገዥው ውዳላትን ካባ ሊያለብሳት ተነሣ። «እናቴን አዳንሽ! ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?»

ነጋድራስ ሳጥኑን ከፍተው ገመዱን ሳቡና ቋጠሮዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «እሜቴ የጠጡት ቅጠሉን ነው» አሉ።

አሮጊቷ ወደ ውዳላት ዞረው፣ «እንዲያ ከሆነ ጠዋት የመረቅሁሽን ምርቃት መልሺልኝ!» ቢሉ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«ቆዩ፣ እሜቴ፣ ቆጠራው አላለቀም» አሉ ነጋድራስ። ቅጠሉን ከጠጡት ሃያ ሰዎች የተነሡት ስምንት ናቸው። ሥሩን ከጠጡት ሃያ ግን ዐሥራ ሰባት ተነሥተዋል፤ ሁለቱ ጆሯቸው ጮኾባቸዋል፣ አንዱ አስመልሶታል።

«ምርቃቱ ይቆይሽ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ።

ገዥው ፍርዱን ሻረ። ውዳላት የአባቷን ምስጢር በብራና አጽፋ የገበያው ዋርካ ላይ ሰቀለችው። «ጭብጥ» የሚለው ቃል ወጥቶ በቦታው «ስድሳ አንድ ሽምብራ» ገባ። ከጽሑፉ ግርጌ የዳኑት ብቻ ሳይሆኑ ያልዳኑትና ጆሯቸው የጮኸባቸውም በቁጥር ተጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሥሩን የሚያደርቁ ሰባት ሴቶችና አራት ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉም ሚዛን ነበራቸው።

መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው ልኩ ነው፤ ልኩንም የሚያጸናው ዝና ሳይሆን ቆጠራ ነው። የዳነ ሰው ሁሉ ያመሰግናል፤ ምስጋናው እውነት ቢሆንም ምን እንዳዳነው ግን አይነግረንም። አንድ ሰው ለብቻው የያዘው ዕውቀት ከእጁ ጋር ይቀበራል፤ የተመዘነና የተጻፈ ግን ሌላ እጅ ያነሣዋል።

እርስዎስ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብለው ለጎረቤትዎ የሚመክሩት ነገር በማን ጭብጥ የተሰፈረ ነው? ያልሠራላቸውንስ ማን ቆጠራቸው?