ከርከሮና ጃርት ለአቤቱታ ተራራ ሲወጡ

ተረቴን ስሙኝ፣ ሳልጨርስ አትቅደሙኝ።

አያ ከርከሮና እመት ጃርት በአንድ የድንች ማሳ ተጣሉና፣ ተራራ ጫፍ ላይ ችሎት ለሚያስችለው ለአያ ነብሮ አቤት ሊሉ ተነሡ። ጃርት ከራሷ ጋር እያወራች ታዘግማለች።

ከርከሮ፣ “እንዲህ እየተንቀረፈፍሽ መቼ ልትደርሺ ነው?” ብሎ ሳቀባት።

“እኔ ዳገት የምወጣው እያወራሁ ነው። ወሬዬ ከተቆራረጠ ልቤ ቸኩሏል ማለት ስለሆነ ቀዝቀዝ እላለሁ። እንዲህ ስወጣ ከርሜ ዳገቱ ሜዳ ሆነልኝ” አለችው።

ከርከሮ “ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይናገራል” ብሎ በልቡ፣ ሽቅብ ሸመጠጠ። አጋማሹ ላይ ልቡ እንደ ነጋሪት ይደልቅ ጀመር። እየወደቀ እየተነሣ ግን ቀድሞ ደረሰ።

“ተናገር!” አለው ነብሮ።

“ህእ… ህእ…”

ነብሮ ቢጠብቀው፣ ቢጠብቀው ያው “ህእ” ነው። በዚህ መሐል ጃርት እያወራች ደረሰች፤ ከወሬዋም ሳታርፍ ወደ ክሷ ገባች። ማሳው ተፈረደላት።

ከርከሮ ትንፋሹ መለስ ሲልለት፣ “ይ… ግባኝ!” አለ።

“ይግባኝ የሚሰማው አያ አንበሶ ነው፤ ቤቱም ያውልህ” ብሎ ነብሮ ከማዶ ያለውን፣ የዚህኛውን እጥፍ የሚሆን ተራራ አሳየው።

ከርከሮ ተራራውን አየና ወደ ጃርት ዞረ፤

“እመት ጃርት፣ መልስ ለመስጠት መምጣትሽ አይቀር፤ እያወራን ብንወጣስ?”