የደምሴ ሰዓት ከሣጥን የወጣች ዕለት

ደሴ ውስጥ ሰው ቆልፎ ያኖረውን የከበረ ዕቃ ለቁም ነገር ቀን አውጥቶ ሊኮራበት ሲቃጣው፣ ዕድሜ የጠገቡት እርስ በርስ ይተያዩና አንዲት ነገር ጣል ያደርጋሉ። ወጣቶቹ ይስቃሉ እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቁም። ነገሯ ግን እንዲሁ ከሰማይ አልወረደችም። ሞባይል የሚባል ነገር ገና ወደ ከተማው ሳይገባ፣ ጉም በዋጠው አንድ የሐምሌ እሑድ ነው የተወለደችው።

ደምሴ የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር። ጂዳ የከረመ የሚስቱ ወንድም ኦርቬሳ የምትባል የእጅ ሰዓት አመጣለት፤ ዙሪያዋ ወርቅ፣ ፊቷ እንደ ወተት የነጣ። ሲያስረክበውም አስጠንቅቆት ነበር።

"ይቺ ባትሪ የላት፣ ቁልፍ አትፈልግ። የሚያንቀሳቅሳት የባለቤቷ እጅ ነው። ካወለቅካት ጥቂት ትሄድና ትተኛለች።"

ደምሴ "እሺ" አለ። ከዚያም በከፈይ ወደተለበጠው ሣጥኗ መልሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባት። እንግዳ ሲመጣ ትወጣለች፣ ትታያለች፣ በመሐረብ ተወልውላ ትመለሳለች።

የልጅነት ጓደኛው ወልደሰንበት ደግሞ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እሱም ወደቡ ላይ ከአንድ መርከበኛ የገዛት ሊኔት የምትባል ሰዓት ነበረችው። ሁለቱ ሰዓቶች የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። ኦርቬሳ ለባለጸጋ የተሠራች ታላቅ እህት፣ ሊኔት ኪሱ ለሳሳ የተሠራች ታናሽ። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም የሚሄዱት በባለቤታቸው እጅ እንቅስቃሴ ነው፤ የሚለያዩት በወርቁና በሆድ ዕቃቸው ነው። ወልደሰንበት ይህን ካወቀ ወዲህ ደምሴን መግቢያ መውጫ አሳጣው።

"እህትማማች ናቸው እኮ! አንተ ታላቋን ቆልፈህባታል፣ እኔ ታናሿን ይዤ ሚሌ በረሃ እንከራተታለሁ። የማን ትዳር ይሻላል?"

"ያንተዋ ገረድ፣ የኔዋ እመቤት" ይለዋል ደምሴ። "ፊታቸውን አይተህ ፍረድ።"

እውነት ለመናገር የሊኔት ፊት አያስመካም ነበር። መስታወቷ ተጫጭሯል፣ ማሰሪያዋ የሞተር ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ወልደሰንበት ሲተኛም ሲታጠብም አያወልቃትም።

ደምሴ ከሟች ወንድሙ በአደራ የተረከበውን ልጅ፣ ታሪኩን፣ እንደ አብራኩ ክፋይ አሳድጎ ለወግ ማዕረግ አድርሶታል። ታሪኩ የአቶ ሀብተወልድን ልጅ ትርሲትን ወደደ። እሷም ወዳው ለእናቷ ሹክ ብላለች። ችግሩ የአባትየው ነገር ነው። ባለፈው ዓመት የታላቅ ልጃቸውን እጅ ሊጠይቁ ቀን ያስቆረጡ ሽማግሌዎች ሳይመጡ ቀርተው፣ ቤት ያፈራው ተሰናድቶ ጎረቤት እያየ ተዋርደዋል። ከዚያ ወዲህ በቀጠሮ ቀልድ አያውቁም። ለደምሴ መልእክተኛም የሰጡት መልስ ቁርጥ ያለ ነበር።

"እሑድ በሦስት ሰዓት ይምጡ። ልጄ የወደደችውን እኔ አልጠላም። በሦስት ሰዓት ተኩል ግን ሌላ ሽማግሌ ይመጣል፣ እነሱንም ኑ ብያለሁ። እናንተን ከደጄ ካጣሁ ቃሌን ለተገኘው እሰጣለሁ።"

መቼም ወጉ ይታወቃል። ሽማግሌ የልጅቷ ቤት ገብቶ "እሺ" እስኪባል አይቀመጥም። ወንበር ቢስቡለት፣ ስለ እግዜር ብለው ቢለምኑት ቆሞ ይማጠናል። ተቀመጠ ማለት ልጅቷ ተፈቀደች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የአባት ቃል አይታጠፍም።

በዋዜማው ምሽት ደምሴ ኦርቬሳን አወጣት። ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጎ ከሬዲዮው ጋር አስተካከላትና ጆሮው ላይ አስጠጋት። ትሄዳለች።

"ታዲያ አስረሃት እደር" አለችው ሚስቱ።

"ስገላበጥ ግድግዳ ቢጭራትስ?" አለና ወደ ከፈዩ መለሳት።

በማግሥቱ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፈነው። ፀሐይ ትውጣ አትውጣ የሚያውቅ የለም። ወልደሰንበትና ሦስተኛው ሽማግሌ ሐጂ ይመር መጥተው ገንፎ ቀረበላቸው። ደምሴ ኦርቬሳን አጥልቆ፣ የኮቱን እጅጌ ሰብሰብ አድርጎ ተቀምጧል። ወልደሰንበት በመሀል ሊኔትን አየና ከገንፎው እጁን ሰበሰበ።

"ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሉ እንነሣ።"

"የምን ተኩል?" አለ ደምሴ። "ገና ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው።"

ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ። በሁለቱም ሰዓቶች ላይ የሰከንዱ ዘንግ ይዞራል።

"አንዷ ዋሽታለች" አለ ወልደሰንበት።

"ታናሽ ታላቋን ስታርም የት አየህ? ያቺ ገረድህ በረሃ ለበረሃ ስትንገላታ አእምሮዋ ተናውጧል።"

"ደምሴ፣ ዛሬ የጨዋታ ቀን አይደለም። የልጅ ነገር ነው።"

በር ላይ ቆሞ ያዳምጥ የነበረው ታሪኩ ፊቱ አመድ መሰለ። "ጋሼ፣ ሬዲዮ ልክፈት?"

"ትናንት ከሬዲዮው ጋር ራሴ አስተካክያታለሁ!" ብሎ ደምሴ ጮኸበት። "አሁን ብንወጣ አንድ ሰዓት ቀድመን ነው የምንደርስ። ቀድሞ የደረሰ ሽማግሌ ለቁርስ የመጣ ይመስላል፤ አላዋርድህም።" ከዚያ ወደ ሐጂ ይመር ዞረ። "ሐጂ፣ እርስዎ ይፍረዱን።"

ሐጂ ይመር የሁለቱን እጅ ተራ በተራ አዩ። ከአንደኛው ላይ ወርቁ ያንጸባርቃል። "የሰው ገንፎ እየበላሁ የሰው ሰዓት አልነቅፍም" አሉና አንገታቸውን ደፉ። በዚሁ ተፈረደ።

ወልደሰንበት ኮቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ይንቆራጠጥ ጀመር። ብቻውን እንዳይሄድ፣ ብቻውን የመጣ ሽማግሌ ማን ያስገባዋል? ኦርቬሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ስትል ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

መንገድ ላይ ቅዳሴ አስቀድሰው የሚመለሱ ሴቶች አገኟቸው። ደምሴ ነጠላዎቹን አየ። ቅዳሴ ዛሬ ምን አጣድፎት ነው በጊዜ የወጣው? ትንሽ ራመድ እንዳሉም ሱቆች ሁሉ ተከፍተው አዩ። ወልደሰንበት ሊኔትን እያየ ይራመዳል። ደምሴ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። ዘንጉ ይዞራል። ትሄዳለች እኮ! ምን ሆኜ ነው የምፈራው? አለ በልቡ። ያን ጊዜ ነው የሚስቱ ወንድም ቃል ትዝ ያለው። "ጥቂት ትሄድና ትተኛለች።"

ሊነጋ ሲል ተኝታ ነበር ማለት ነው። ጠዋት እጁ ላይ ሲያጠልቃት ነቃች፣ ከተኛችበትም ቀጠለች። ስንት ሰዓት ነው አሁን? አንዲት ታክሲ ጭቃውን እየረጨች ስታልፍ ወልደሰንበት እጁን ሊያነሣ አለ።

"በእግር ይሻላል፣ ደርሰናል" አለ ደምሴ። ለምን እንዳለ እሱም አያውቅም። ታክሲ መያዝ ተሸነፍኩ ማለት መሰለው። አፉን ከፍቶ "ወንድሞቼ፣ እንሩጥ" ቢል ምናልባት ይደርሱ ነበር። እሱ ግን እርምጃውን ብቻ አፈጠነ፤ ሐጂ ይመር ከኋላ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

የአቶ ሀብተወልድ የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በኦርቬሳ ለሦስት አምስት ጉዳይ ነው። በረንዳው ላይ ሦስት ጃንጥላዎች ግድግዳ ተደግፈው ውኃ ያንጠባጥባሉ። ደምሴ ጃንጥላዎቹን ዘልቆ ወደ ሳሎኑ አየ።

ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ተቀምጠዋል።

ትርሲት የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ከደምሴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ልጅቷ ባለችበት ቀጥ አለች፤ ውኃው እግሯ ላይ ሲፈስስ እንኳ አላስተዋለችም። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

አቶ ሀብተወልድ በረንዳው ላይ ወጡ። "ምነው ደምሴ? ምነው?"

"ሰዓታችን... ሦስት ሰዓት ገና አልሞላም፣ አቶ ሀብተወልድ።" እጁን ዘረጋላቸው። የሚያደርገው ቢያጣ ነው።

አባትየው ሰዓቷን ትክ ብለው አዩአት። "ታምራለች" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ግን እዚህ ቦታ ላይ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር። ልጄም ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሌሎቹ ሲመጡ እግሬን እየጎተትኩ ነው የገባሁት። አሁን ቃሌ ወጥቷል፤ ምን ላድርግህ?"

ወልደሰንበት የሊኔትን ፊት በእጅጌው ሸፈነ። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲያ "ብዬህ ነበር" ብሎት አያውቅም።

ሲመለሱ ደምሴ ኦርቬሳን አውልቆ በመዳፉ ጨብጧት ይሄዳል። ጉሙ ሳሳ ብሎ ፀሐይ ወጥታለች። መታጠፊያው ላይ ታሪኩ ቆሟል። ከሩቅ ፊታቸውን ለማንበብ አንገቱን ያሰግጋል፤ ፈገግ ሊል ይሞክርና ይተወዋል።

ደምሴ ቆመ። "ሐጂ፣ አባቱ አደራ ያለኝን ልጅ በገዛ እጄ አቃጠልኩት። ምን ብዬ ልንገረው? በጉሙ ላላክክ?"

"ጉሙ ለእነዚያም ወርዶ ነበር" አሉ ሐጂ ይመር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "እኔም ልናገር ሲገባኝ ገንፎህን አክብሬ ልጁን በደልኩት፤ ሁለታችንም አላህ ይቅር ይበለን።" ከዚያ የደምሴን መዳፍ ፈልቅቀው፣ አሁንም ሽክ ብላ የምትሄደውን ሰዓት እያዩ እንዲህ አሉት፦ "እውነቱን ንገረው ልጄ፤ ከሣጥን የወጣ ሰዓት የሣጥኑን ጊዜ ይናገራል።"