አንዲት «ት»

ምስክር ማለት በነገሩ ቦታ የነበረ፣ የሆነውን በዓይኑ ያየ፣ ስሙና ሰፈሩ የታወቀ፣ በተጠራ ጊዜም ቀርቦ «አዎ፣ እኔ ነበርኩ» የሚል ሰው ነው። በቦታው ያልነበረ ሰው ምስክር አይባልም፤ ደግ ቢሆንም፣ የተማረ ቢሆንም አይባልም። ነገሩ ከመሆኑ በፊት የሚናገር ሰውማ ነቢይ ነው፤ ነቢያት ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ቃሉን እንዲህ አስረግጠው የተረጎሙት አንድ አረጋዊ መምህር ናቸው። የጠየቀቻቸው አንዲት ወጣት ናት። እናቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጂቱም በስልኳ ከምትከታተለው የገበያ ቻናል ሲቢዲ የሚባል፣ ከዕፀ ፋሪስ ተጨመቀ የተባለ ዘይት ልታዝዝላቸው ተነስታለች።

«መምህር፣ ይህን ሁሉ ሰው ይዩት» አለች፣ ስልኳን አቀብላቸው። «ከነስማቸው መስክረዋል። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሆኖ ይዋሻል?»

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አነበቡ። ከዚያ ስልኩን መለሱላትና ቃሉን ከላይ እንዳለው ተረጎሙላት። ቀጥለውም ይህን ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ። የሚኖረው በአንድ መካከለኛ ከተማ ነው፤ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው፤ ስሙም አስረስ ይባላል። ባለጸጋ አልነበረም። ነገር ግን በከተማው ቤት ሲሸጥ፣ ውርስ ሲከፋፈል፣ ድንበር ሲካለል ለምስክርነት የሚጠራው እሱ ነበር። አንድ አመል ነበረው፤ የሚሸጠውን ቤት አጥር በእግሩ ዞሮ ሳያይ ውል ላይ አይፈርምም። አንድ ጊዜ የገዛ አማቹ ቦታ ሲገዛ፣ «ዝናቡ እስኪያባራ ቆዩኝ፣ ልዙረው» ብሎ ገዢና ሻጭን በረንዳ ላይ ሲያዛጉ አውሏቸዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ መሬት ተነስቶ አይሄድ» አለው አማቹ ተበሳጭቶ።

«መሬቱ አይሄድም። አጥሩ ግን ሲሄድ አይቻለሁ።»

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው፤ ረድኤት ትባላለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ጠዋትና ማታ ትውጣለች። ኪኒኑ መውደቋን አሳንሶላታል እንጂ ፈጽሞ አላጠፋውም፤ በዚያ ላይ ያፈዛታል። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ስለሚጥላት ልጆቹ «ድንዝዟ» ይሏታል። አባት ብዙ ነገር ይችላል። ይህችን ስም ግን ሊችላት አልቻለም።

አንድ ቀን በስልኩ ላይ የዘይቱን ማስታወቂያ አየ። ለሚስቱ ነገራት።

«አስረስ፣ ለልጄ ሀሺሽ ልታጠጣት ነው?» አለችው።

«ሀሺሽ አይደለም። ተክሉ አንድ ነው፤ የሚያሰክረው ግን ወጥቶለታል።»

«ማን አወጣው?»

«እነሱ።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

እዚህ ላይ ሰውየው ስልኩን አቀበላት። ስልኩ ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል የተለጠፈበት ጠርሙስ አለ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ ፈገግ ያለ ሰውም አለ። ሰውየው ሐኪም ነኝ አላለም፤ ጋዋኑን ብቻ ነው የለበሰው። ከሥሩ ምስክርነቶቹ ተደርድረዋል። አንዱ ከስኳር፣ አንዱ ከደም ግፊት፣ አንዲቷ ከወገብ ሕመም ድነዋል። አንድ ባልና ሚስት ደግሞ ከጭቅጭቅ ድነዋል። ሁሉንም ያዳነው ያው ጠርሙስ ነው። እናት አነበበች። እሷም ልጇን የምትወድ እናት ናትና ተስፋው ያዛት።

ሻጩ አድሚን ይባላል። ፊቱ አይታይም፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነው፤ ሰውየውንም «አባቴ» ይለዋል።

«አባቴ፣ ኪኒኑን ያቁሙላት። ዘይቱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ከኬሚካል ጋር አይስማማም።»

«በድንገት ማቆሙ አይጎዳትም?»

«ምስክርነቶቹን ያንብቧቸው። አንድ የተጎዳ ሰው አለ?»

ሰውየው አነበበ። አንድም የተጎዳ ሰው አልነበረም። በዚያ ገጽ ላይ የሚጻፈውን የሚያስቀረውም የሚሰርዘውም ሻጩ ራሱ መሆኑ አልታሰበውም። አጥር ዞሮ የሚያይ ሰው እዚህ አጥሩ የት እንዳለ እንኳ አላወቀም።

አስረስ ሒሳቡን ከላከ በኋላ አድሚኑ እንዲህ አለው፦ «ምስክርነት ለሚሰጡን ሁለተኛውን ጠርሙስ በነጻ እንጨምራለን።»

«ዕቃው እኮ ገና አልደረሰኝም።»

«ምስክርነት በእምነት ነው አባቴ። አምነው የመሰከሩት ናቸው ቶሎ የዳኑት።»

እስቲ የዚህን ነጋዴ ብልሃት ልብ በይ። ምስክርነት የሚለው ቃል በፍርድ ቤትም አለ፣ በቤተ እምነትም አለ። በፍርድ ቤት ያየሽውን ነው የምትናገሪው። በቤተ እምነት ደግሞ ያላየሽውንም አምነሽ ትናገሪያለሽ። ነጋዴው ቃሉን ከሁለተኛው ቤት ሰርቆ በመጀመሪያው ቤት ዋጋ ሸጠው። አስረስም ስለ ውል ቢጠየቅ ኖሮ «ሳላይማ አልፈርምም» ይል ነበር። ስለ እምነት ሲጠየቅ ግን አፈረ። መጠራጠሩ የልጁን መዳን የሚያዘገይበት መሰለው። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እኔ አስረስ፣ ከሚስማር ተራ። በዚህ ዘይት ልጄ ትድናለች።»

አድሚኑ ወዲያው መለሰ፦ «በጣም ቆንጆ ነው አባቴ። «ት»ዋን ብቻ ያውጧት። እምነትዎን ታሳንሰዋለች።»

ሰውየው ቃሉን ትክ ብሎ አየው። አንዲት ፊደል ናት። ከፊት ስትኖር ምኞት ነው፤ ስትወጣ የሆነ ነገር ነው። ረድኤት አጠገቡ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ አባቷ ምን እንዳፈዘዘው ለማየት አንገቷን አሰገገች። እሱም ጣቱን ሰዶ «ት»ዋን አጠፋት። «ልጄ ድናለች» ሆነ።

ጠርሙሱ መጣ። ኪኒኑ ቆመ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቱ ነቃ ነቃ አለች፤ ሣቀች፤ ክፍል ውስጥ እጅ አወጣች። አባትዋ «አየሽ?» አላት ሚስቱን። ልጅቱ የነቃችው የሚያፈዛት ኪኒን ስለቀረ ነበር፤ ከመውደቅ የሚጠብቃትም ያው ኪኒን ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው ሳለ፣ ወደቀች። ቅንድቧ በሲሚንቶው ጠርዝ ተሰነጠቀ። ወትሮ ሲጥላት ቶሎ ይለቃት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሆስፒታል እስክትደርስ ድረስ አልለቀቃትም።

«ኪኒኗን ማን አስቆማት?» አለች ሐኪሟ፣ ልጅቱ ከተረጋጋች በኋላ።

ሰውየው ከኪሱ ጠርሙሱን አወጣ። ሐኪሟ አሸተተችው፤ ጽሑፉን አገላብጣ አነበበችው።

«ውስጡ ምንድን ነው?» አላት።

«አላውቅም። የሸጠልዎት ሰውም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«ከዕፀ ፋሪስ ነው ብለውኛል።»

«ከዚያ ተክል ለዚህ በሽታ የሚሠራ መድኃኒት በውጭ አገር አለ። ተመርምሮ፣ ተለክቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነው፤ ኪኒን ጣሉም አይባልበትም። ይሄ ግን ጠርሙስ ነው።»

ሰውየው ለአድሚኑ የሆነውን ሁሉ ጽፎ ላከ። አድሚኑ የመለሰለት የራሱን ጽሑፍ ነው። «ልጄ ድናለች» የሚለውን ከነስሙ ከነሰፈሩ ላከለትና ከሥሩ፣ «አባቴ፣ ድናለች ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁን የወደቀችው በሌላ ምክንያት ይሆናል» አለው። ከዚያ ዘጋበት።

ልጅቱ ቅንድቧ ተሰፍቶ ቤት ገባች፤ ኪኒኗንም ጀመረች። ሰውየው ሱቁ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ እንደተቀመጠ አንድ ደንበኛ ሚስማር ሊገዛ መጣ።

«ጋሽ አስረስ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ረድኤት ድናለች አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ከተማው ሁሉ አንብቦታል። ጎረቤትዎ ወይንሸት እንኳ ያንኑ ዘይት ለልጇ አስመጥታለች። የማንንም አላመንኩም ነበር፣ ጋሽ አስረስ ከመሰከሩማ አለች።»

የወይንሸት ትንሽ ልጅ በሽታው የረድኤት ነው፤ ኪኒኑም የረድኤት ነው። ሰውየው ሚስማሩን ሳይመዝን፣ ሱቁንም ሳይዘጋ ወጣ። ሲደርስ ሕፃኑ በግቢው ውስጥ ኳስ እያሳደደ ይሮጣል። ሁኔታው ረድኤት ዘይቱን ከጀመረችባቸው የመጀመሪያ ቀናት ጋር አንድ ነበር።

«ወይንሸት፣ ያን ዘይት ስጪኝ። ኪኒኑን ዛሬውኑ መልሺለት።»

«ምነው ጋሽ አስረስ? ልጄ እንዲህ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።»

«የኔም ሮጣ ነበር። ከዚያ ወደቀች።»

ወይንሸት ፊቱን አጥንታ ፈገግ አለች። «አለቀብዎት አይደል? ይህን ያህል ምን ያስጨንቅዎታል፤ ግማሹን እቀዳልዎታለሁ።»

«አላለቀብኝም። የጻፍኩት ውሸት ነው።»

«እርስዎ? ቦታ ሳይዞሩ የማይፈርሙት ሰውዬ ይዋሻሉ?» ስልኳን አውጥታ አሳየችው። «ይኸው፤ ድናለች ይላል። ለእርስዎ ልጅ የሆነው ለኔ ልጅ ሲሆን ከፋዎት እንዳልል ከእርስዎ አልጠብቅም።»

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ታማኝነት በሩ ላይ ቆሞ አላስገባ አለው። እውነቱን ሲናገር አላመነችውም፤ ውሸቱን ሲጽፍ ግን አምናዋለች። ቢምል፣ መሐላውም ያንኑ ውሸት የሚያጠነክር ሆነበት። ስለዚህ ወደ ቤቱ ተመልሶ ልጁን በእጇ ይዞ መጣ። እንዳትደክም ቀስ እያለ ነበር የሚያስኬዳት።

ረድኤት ቅንድቧ ላይ ያለውን ፋሻ ይዛ በወይንሸት ፊት ቆመች።

«እትዬ ወይንሸት፣ አባዬ የጻፈው ጠርሙሱ ሳይመጣ ነው» አለች። «አጠገቡ ነበርኩ። መጀመሪያ ትድናለች ነበር ያለው። ከዚያ «ት»ዋን አጠፋት።»

«ለምን አጠፋት?»

«አጥፋት አሉት።»

ወይንሸት ፋሻውን አየች። ኳስ የሚያሳድደውን ልጇን ጠርታ ወደ ቤት አስገባችው። ተመልሳ ስትመጣ ጠርሙሱን ይዛ ነበር፤ ለሰውየው ሰጠችው። ኪኒኑን ከአልጋ ሥር ካስቀመጠችበት አውጥታ በሌላው እጇ ይዛዋለች። ረድኤትን ሳመቻት። ሰውየውን ግን «ይግቡ» አላለችውም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ከተማ ቤት ሲሸጥ አስረስን ለምስክርነት የሚጠራው የለም።

መምህሩ እዚህ ላይ ወደ ወጣቷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሰው ይዋሻል ወይ ብለሽኛል። በስልክሽ ላይ ያሉት ሰዎች እንደዚህ ሰው ናቸው። አንዳንዶቹ ጭራሽ የሉም፤ ሻጩ ራሱ ቁጭ ብሎ የፈጠራቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ሁለተኛውን ጠርሙስ የፈለጉ ናቸው። የቀሩት ጨንቋቸው «ት»ዋን ያወጡ አባቶችና እናቶች ናቸው። የወደቁት ልጆች ግን በዚያ ገጽ ላይ ቦታ የላቸውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም፤ ዋሾ ነጋዴ ድሮም ገበያ ይወጣ ነበር። ግን ፊቱን ይዞ ነበር የሚወጣው፤ ብታጪው መንደሩ ድረስ ሄደሽ ትይዢዋለሽ። ይሄኛው ፊቱን ደብቆ ያንቺን ፊት ነው የሚሸጠው። የታመመ ልጅ ያለውን አባት ፈልጎ፣ እምነቱን ነጥቆ፣ በዚያው እምነት የጎረቤቱን ልጅ ኪኒን ያስጥላል። ሲጠየቅ ደግሞ የሚያሳየው የራሱን እጅ ሳይሆን የአባትየውን እጅ ነው። ይህን ሥራ ንግድ ብሎ መጥራት ነጋዴን መስደብ ነው። እናትሽን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ሐኪሟ ብትሳሳት እንኳ ወንበሯ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

ወጣቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ሰውየው ታዲያ ጽሑፉን አላስጠፋውም?» አለች።

«አመልክቷል» አሉ መምህሩ። «በዚያው ሰሞን ቻናሉ ስሙን ለወጠ። አሁን የሚሸጠው የፀጉር ማብቀያ ቅባት ነው። የሰውየው ምስክርነት ከነስሙ ከነሰፈሩ አሁንም እዚያው አለ፤ «ልጄ ድናለች» የሚለው ብቻ «ፀጉሬ በቅሏል» ተብሎ ተስተካክሏል። ሰውየው ራሰ በራ ነው።»