ቅርጫ የገባው ወፍጮ

ዛሬ ዛሬ ሁለት በግ ያሰረውን ሁሉ «አንተ ከበርቴ!» እያልን እንቀልዳለን። የሾላ ምንጭ ሰዎች ግን ይህን ቃል ሲሰሙ ጥርሳቸውን ያማቸዋል፤ የሚተርቱት ተረት አለና።

በደርግ ጊዜ ነው። «ከበርቴ ማለት ሌላውን አሠርቶ የሚበላ ነው፤ በየቀበሌያችሁ ያለውን አጋልጡ» የሚል ትእዛዝ ከወረዳ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽባባው ከሰኔ እስከ ሐምሌ ሰዉን ዝናብ ላይ እያስቀመጠ ቢሰበስብ፣ ቢሰበስብ፣ ከበርቴ የሚባል ጠፋ።

ወይዘሮ አትጠገብ በየስብሰባው እርር ድብን ይላሉ። የባላቸው ተዝካር አሥር ቀን ቀርቶታል፤ እህሉ ገና አልተፈጨም።

በመጨረሻ ሽባባው ጣቱን ቀሰረ። «ደርብስ? የሞተር ወፍጮ አለው አይደል!»

«የሚፈጨው ራሱ፣ ዱቄት የሚቅመው ራሱ!» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «ማንን አሠርቶ በላ?»

«እማማ፣ እርስዎ ፖለቲካው አልገባዎትም።»

«ረሃቡ ይገባኛል!»

ማን ሰምቷቸው። ወፍጮው የሰፊው ሕዝብ ነው ተባለ። የሕዝብ ከሆነ ደግሞ ለሁሉም እኩል ይድረስ። እኩል መካፈል ሲባል ሾላ ምንጭ የሚያውቀው ቅርጫ ብቻ ነው፤ ወፍጮውን እንደ በዓል በሬ ብልት በብልት ፈታተው፣ ቅጠል ላይ መደቡና ዕጣ ጣሉ። ለአንዱ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ፣ ለአንዱ የላይኛው ድንጋይ፣ ለሽባባው የሞተሩ ክዳን ወጣ። ደርብም «አባል ነህ» ተብሎ አንዲት ብሎን ደረሰችው። መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያያት ወይዘሮ አትጠገብ አንጀታቸው አረረ።

ሳምንት ሳይሞላ የሁሉም ቤት ዱቄት አለቀ። ወንዙ ሞልቶ ማዶ ወዳለው ወፍጮ አያሻግርም። የየቤቱ የእጅ ወፍጮ ድንጋይም የደርብ ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ለካብ ውሏል። «መልሰን እንግጠመው» ቢባል፣ ቺንጋው ተቆራርጦ የቀንበር ጠፍር ሆኗል።

የተዝካሩ ዕለት ካህናቱና ጎረቤቱ ዳስ ውስጥ ተደረደሩ። እንጀራ የለ፣ ጠላ የለ። ንፍሮው እንኳ በእርጥብ እንጨት አልበስል ብሎ ጥሬውን ቀረበ። ወይዘሮ አትጠገብ በሟች ፊት የተዋረዱ መስሏቸው ቀና ማለት አቃታቸው።

ሽባባው አንድ እፍኝ አፉ ውስጥ ከተተና ቀጭ ሲያደርግ ጉንጩን ያዘ። «ኧረ እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ አትጠገብ ቀና አሉና ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ እንዲህ አሉ፦ «ምን ይሆናል ልጄ፣ ከበርቴ ሲያድኑ ከረሙ፣ ወፍጮ ነቅለው ጥሬ ቆረጠሙ!»