እመት ወስፋትና ሰነፉ በግ

ተረቴ መጣች፤ ሆዳችሁን ያዝ አድርጋችሁ ስሙኝ።

በአንድ ትሁት በግ ሆድ ውስጥ እመት ወስፋት የሚባሉ ኩሩ ትል ከእልፍ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በጉ የጋጠውን ሁሉ ቀድመው የሚቀምሱት እሳቸው ናቸው፤ የሚጨርሱትም እሳቸው። አንድ ቀን በጉ ጉልበቱ ከዳውና፣

«እመቤቴ፣ መቆም አቃተኝ። እባክዎ ዛሬ እንኳ ትንሽ ይተዉልኝ» አለ።

እመት ወስፋት ተቆጡ። «አታፍርም እንዴ! እኛ ባንኖር ይሄን ሆድህን ማን ይሞላልህ ነበር? ባዶ ሆድህን ይዘህ ስትንከራተት ትኖር ነበር እኮ! ሂድ፣ ጋጥ!»

ልጆቻቸው እጅ ባይኖራቸውም አጨበጨቡ። ወዲያው ተሰብስበው በጉ ሰነፍ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ፤ ከነገ ጀምሮ እጥፍ እንዲግጥም ወሰኑ። ውሳኔውን ሊያሰሙት ቢጠሩት ግን መልስ የለም። በጉ ሜዳው ላይ እንደተዘረጋ ሞቷል።

ጥቂት ቆይቶ ሆዱ መቀዝቀዝ ጀመረ። እመት ወስፋት ጥቅልል ብለው እየተንቀጠቀጡ ጮኹ፦

«ይሄ ባለጌ በሩን ሳይዘጋ ነው እንዴ የተኛው? ብርድ አስገባብን እኮ! ቆይ ብቻ፣ ይነሳ!»