ጓንጉል በእግሩ የቀደመው ታንኳ

ወንዝ ዳር ባሉ ቀዬዎች ሰው ሲቸኩል የሚባል አንድ ነገር አለ። ሽማግሌዎች አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ብለው ዝም ይላሉ፤ ቀሪውን ሰሚው በልቡ እንዲጨርሰው ይተዉለታል። አባባሉን የማያውቅ የለም። ከአንድ ስልቻ ማሽላ እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ከወይና ደጋ የመጣ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር። ታናሽ እህቱ አሰገደች ቆላ ወርዳ አግብታ ኦሞ ወንዝ ዳር ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ወንዙ በሚተወው ጭቃ ላይ በምትዘራው ማሽላ ነው። እዚያ አገር ዝናብ አይታመንም። ወንዙ ክረምት ላይ ሞልቶ ዳርቻውን ያለብሳል፤ መስቀል አልፎ ውኃው ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ ጥሎ ይሄዳል። ዘር የሚገባው ያኔ ነው። ጭቃው እርጥብ ሳለ በሾለ እንጨት እየወጉ ይዘሩበታል። ፀሐይ ቀድማ ከሰነጠቀችው ግን የዚያ ዓመት እህል አበቃ።

በዚያ ዓመት የአሰገደችን ዘር ነቀዝ በላው። የጎረቤቶቿም ለራሳቸው አልበቃም። ስለዚህ ወደ ደጋ በሚወጣ ነጋዴ "ጭቃው ሳይሰነጠቅ ዘር ይዘህ ድረስልኝ" ብላ ለወንድሟ ላከችበት።

ጓንጉል መልእክቱን እንደሰማ ከጎተራው ምርጥ ምርጡን ማሽላ አውጥቶ በስልቻ ቋጠረና ተሸክሞ ወረደ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ላሌ የሚባል ባለ ታንኳ ለመነሳት ሲዘጋጅ አገኘው። ታንኳው ከአንድ ትልቅ ግንድ የተቦረቦረ ነው። ውስጡ እማማ ጠጂቱ የሚባሉ ሸክላ ነጋዴ እንስራዎቻቸውን በደረቅ ሣር ጠቅልለው ደርድረው ተቀምጠዋል።

"እህቴ አሰገደች ዘንድ ነኝ፤ ወደ ደቡብ ነው የምትሄደው?" ሲል ጓንጉል ጠየቀ።

"ወደ ታች ነው" አለ ላሌ።

"ደቡብ ነው ወይ ነው የምልህ።"

"የአሰገደች ቀዬ አይደል የምትፈልገው? እሱ ወደ ታች ነው።"

ጓንጉል መልሱ አላረካውም፤ ግን ገባ። ለወንዝ ዳር ሰው አቅጣጫ ማለት ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው፤ ሌላው አያሳስበውም። በጓንጉል አገር ደግሞ ወንዝ የሚሻገሩት ነገር ነው እንጂ የሚሄዱበት መንገድ አይደለም። ሰው አገር የሚያቋርጠው ፀሐይን አይቶ ነው። ጠዋት ፀሐይን በግራው ይዞ የሄደ ደቡብ ይደርሳል። አባቱ ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ አንድም ቀን አሳስቶት አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ፀሐይ በግራው ነበረች። ላሌ ከኋላ ቆሞ በረጅም እንጨት ይገፋል፤ ውኃው ራሱም ይወስዳል። በግራ ዳርቻ መብረቅ የሰነጠቀው አንድ ትልቅ ዋርካ አለፉ። ጓንጉል ስልቻውን በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ይዞ በልቡ እህቱን "ደረስኩልሽ" ይላት ጀመር።

ጥቂት እንደሄዱ ፀሐይ ግንባሩ ላይ አረፈች። እጁን በዓይኑ ላይ ጋረደ። ቀጥሎ ደግሞ ቀኝ ጉንጩን ታሞቀው ጀመር። ጓንጉል ፊቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ገና ከምሥራቅ አልራቀችም። ታዲያ በቀኙ ምን ታደርጋለች?

"አንተ ላሌ፣ ወዴት ነው የምትወስደኝ?"

"ወደ ታች።"

"ይህ ሰሜን ነው።"

"እኔ እንጃ። ውኃውን ጠይቀው።"

ጓንጉል ውኃውን ተመለከተ። ውኃው ያለ ጥርጥር ወደፊት ይሄዳል። ፀሐይዋም ያለ ጥርጥር በቀኙ ናት። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ሊገባው አልቻለም። ይህን እያሰበ ወደ ግራ ቢመለከት ከሣሩ ማዶ፣ እምብዛም ሳይርቅ፣ መብረቅ የሰነጠቀው ዋርካ ቆሟል።

ብድግ አለ። ታንኳው ተንገዳገደ፤ እንስራዎቹም ተጋጩ።

"መልሰኸኛል! ዋርካው ያውና! ቅድም ያለፍነው ዋርካ!"

"ቁጭ በል፣ ልጄ" አሉ እማማ ጠጂቱ አንዱን እንስራ እያቀፉ። "ታንኳ ላይ የቆመ ሰው ለአዞ የተሰቀለ ሥጋ ነው።"

"እማማ፣ እርስዎ አያዩም? ወደ መጣንበት እየወሰደን ነው። የእህቴ ጭቃ እየደረቀ ይህ ሰው ያዞረኛል!"

"እኔ አላዞርኩህም" አለ ላሌ። "ወንዙ ነው የሚዞረው።"

"በል ዳር አውጣኝ። በእግሬ ወደ ደቡብ እሄዳለሁ።"

"አያ ደገኛ፣ በዚህ በኩል ብትሄድ ፊትህ ወንዝ ነው።"

"ወንዙ ከኋላዬ ነው የሚቀረው! ይኸው ላዩ ላይ ነኝ!"

ላሌ ለእማማ ጠጂቱ እንስራዎች ፈራ። እሳቸውም "አውርደው" ሲሉ በጭንቅላታቸው ወደ ዳርቻው አመለከቱት። ታንኳውን ወደ ግራ ዳርቻ አስጠጋው። ጓንጉል ስልቻውን ትከሻው ላይ ጭኖ ዘለለ፤ ፀሐይን በግራው አድርጎም ሣሩን እየሰነጠቀ ሄደ። ላሌ ታንኳውን ከአንድ ግንድ ጋር አሰረና "እንጠብቀው፣ እማማ፤ ከዚህ መሬት መውጫው ይኸው ነው" አለ። ከዚያም እሳት አነደደና ጠዋት የያዘውን ዓሣ ይጠብስ ጀመር።

ጓንጉል ግን ደስ ብሎት ነበር። እግሩ መሬት ረግጧል፤ ፀሐይም ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ብዙም ሳይሄድ ግን ሣሩ አለቀና ፊት ለፊቱ ሰፊ ወንዝ ተዘረጋ። ቆመ። ወንዙን ከኋላው ትቶት ነው የመጣው። ይህ ሌላ ወንዝ መሆን አለበት ብሎ ወደ ቀኝ ታጠፈ። በቀኝም ወንዝ አገኘ፤ ይኸኛው ደግሞ ወደ ደቡብ ይፈሳል። ተመልሶ ወደ ግራ ሮጠ። በግራም ወንዝ፤ ያውም ወደ ሰሜን የሚሄድ። ላሌ ስለዚህ አገር ሦስት ወንዞች ምንም አልነገረውም።

ቀትር ሆነ። ፀሐይ አናቱ ላይ ቆመች፤ ግራም ቀኝም የላትም። ጓንጉል ጭቃው ላይ የሰው ዱካ አየና ደስ አለው። "አገሩን የሚያውቅ ሰው አልፏል" ብሎ ተከተለው። ዱካው ወደ ውኃው ወረደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ፣ ዞረ። ጓንጉል ይህ ሰው ምን ዓይነት ሞኝ ነው ብሎ ተገረመ። ቆይቶ የራሱን እግር በዱካው ላይ አስገብቶ ለካው። ልክ የእሱ ነበር። ዳርቻው ላይ ተቀመጠ።

ፊቱን ሊታጠብ ስልቻውን ከጎኑ አኖረ። ውኃ የሸሸበት ዳርቻ ደግሞ ለእንግዳ አይመከርም፤ ላዩ ደረቅ ሆኖ ሥሩ ባዶ ነው። ሲጎነበስ ዳርቻው ተገምሶ ወረደ። ስልቻውም ተንከባሎ ገባ። ጓንጉል በሆዱ ተኝቶ የስልቻውን ጠፍር ያዘና እየተንፈራገጠ አወጣው። ከቋጠሮው ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። እጁን ቢያስገባ ማሽላው ቀዝቅዞ ረጥቧል።

ከዚያ በኋላ ፀሐይንም ወንዝንም አላየም። እርጥቡን ስልቻ ተሸክሞ ዝም ብሎ ሮጠ። እሾህ ልብሱን ያዘው፤ ሳይቆም ቀደደው። ሲሮጥ ሲሮጥ ቆይቶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከሣሩ ወጣ ቢል ወንዝ ዳር ጭስ አየ። ታንኳ ታስሯል። ላሌ ተጋድሟል። እማማ ጠጂቱ ዓሣ ይበላሉ።

ጓንጉል ፊቱ በራ።

"አላልኳችሁም?" አለ እያለከለከ። "አያችሁ፣ በእግሬ ቀደምኳችሁ!"

ላሌ ቀና ብሎ አየው። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ከስልቻው የሚንጠባጠበውን ውኃ ሲያይ ግን ተወው።

"ልጄ" አሉ እማማ ጠጂቱ ቀስ ብለው፣ "እኛ እኮ ከዚህ አልተነሳንም።"

ጓንጉል እሳቱን አየ፤ አብዛኛው አመድ ሆኗል። ታንኳው የታሰረበትን ግንድ አየ። ሲዘል ጭቃው ላይ ያተመውን የራሱን የተረከዝ ዱካ አየ። ቀና ሲል ደግሞ ዋርካው በዚያው ቦታ ቆሟል።

"ታዲያ እህቴ ወዴት ናት?" አለ።

"ወደ ታች" አለ ላሌ።

ሲመሽ ጉማሬ ስለሚወጣ ታንኳ አይሄድም፤ እዚያው አደሩ። በማግሥቱ ጓንጉል ስልቻውን አቅፎ ተቀመጠ። ፀሐይ ቀኙን መታችው፣ ጀርባውን መታችው፣ ግራውን መታችው፤ እሱ ቃል አልተነፈሰም። አንድ ጊዜ ብቻ እማማ ጠጂቱን "አሁንስ እየተመለስን ነው?" ብሎ በጆሮአቸው ጠየቃቸው። "አይደለም" ሲሉ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አላመናቸውም፤ ግን አልቆመም።

አሰገደች ዳርቻው ላይ ቆማ ነበር። ወንድሟን ሳመችውና ወዲያው ስልቻውን ፈታችው። ማሽላው አብጧል፤ አንዳንዱም ነጭ ጫፍ አውጥቷል። እፍኝ ሙሉ ይዛ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

"ይህ ዛሬውኑ መሬት ካልገባ ይበሰብሳል" አለች።

ላሌ እንጨት ቆረጠ። እማማ ጠጂቱም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወረዱ። ሁሉም አጎንብሰው እየወጉ ዘሩ። ወደ ውኃው የቀረበው ጭቃ እንጨቱን ይቀበል ነበር። ከፍ ያለው ግማሽ እርሻ ግን ተሰነጣጥቋል፤ እንጨቱ ሲነካው እንደ ገል ይሰበራል። ያልተዘራው የበቀለ ዘር ስልቻው ውስጥ ቀረ።

አሰገደች የተሰነጠቀውን መሬት በእግሯ ነካ አደረገችው።

"ትናንት እኮ እዚህ ላይ እግር ይሰምጥ ነበር" አለች። "ትናንት ስጠብቅህ ዋልኩ። ምን አገኘህ፣ ወንድሜ?"

ጓንጉል ወንዙን አየ፤ ፀሐይን አየ፤ የተቀደደ ልብሱን አየ።

"እኔ እንጃ" አለ። "እኔስ ስሮጥ ነው የዋልኩት። ወንዙ ነው ዞሮ የተመለሰብኝ።"

እማማ ጠጂቱ እስከ ክንዳቸው ጭቃ ለብሰው የመጨረሻውን ጉድጓድ እየደፈኑ ነበር፤ ከጎነበሱበት ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉት፦ "ልጄ፣ ወንዝ ዞሮ አይመለስ፤ ችኩል ሮጦ አይደርስ።"